ለአለምነሽ የተቀመጠው ኪቦርድ

አለምነሽ ሀዋሳ ውስጥ ከአንድ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግታ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመረች አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ በፊት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። መሥሪያ ቤቱ ታጥፎ ሠራተኛው ሲበተን ሌላው የሥራ ልምድ ወረቀቱን ይዞ ወጣ፤ እሷ ጣቶቿን ይዛ ወጣች። ስትጽፍ ጣቶቿን አይታ አታውቅም። የሚናገረውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየች ትጽፋለች። ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት፣ ድንበሩ የተገፋበት ገበሬ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ከፋብሪካ የተባረረች ልጅ፣ ሁሉም ከሌሎቹ ጸሐፊዎች አልፈው እሷ ጋ የሚሰለፉት ለዚህ ነበር። የሲዳምኛ ተናጋሪ ሲመጣባት በምታውቃት ጥቂት ቃልና በሰውየው ፊት እየተመራች ነገሩን ትደርስበታለች። ፊቱን ካላየች ግን አትችልም።

ከሦስት ዓመት በፊት ታብሌት ገዛች። ላፕቶፕ ሞክራ ነበር፤ ባትሪው ከሰዓት በኋላን አያይም፣ አጥር ሥር ደግሞ የሚሰካበት መብራት የለም። ታብሌቱ ግን ቀኑን ሙሉ ይውላል። ኪቦርዱ ከሽፋኑ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው፤ ከታች በኩል ባሉት ሦስት ወርቃማ ነጥቦች ላይ ጠቅ ብሎ ይገጥማል። ጽፋ ስትጨርስ ከመንገዱ ማዶ ላለው ኮፒ ቤት በቴሌግራም ትልከዋለች፣ ባለጉዳዩ ተሻግሮ የታተመውን ይቀበላል። ሁለት ዓመት ተኩል እንዲህ ሠራች።

ባለፈው ክረምት ዝናብ በጃንጥላው ስፌት አልፎ ኪቦርዱ ላይ ተንጠባጠበ። መጀመሪያ የሄደው የ«ለ» ቁልፍ ነው። አመልካች ስትል «አመካች» ይላል፤ ለፍርድ ቤቱ ስትል «ፍርድ ቤቱ» ብቻ ይቀራል። ለእያንዳንዷ «ለ» እጇን ከኪቦርዱ እያነሳች የታብሌቱን መስተዋት መንካት ያዘች። ጥር ላይ ኪቦርዱ ጭራሹን ጸጥ አለ።

ከጎኗ የሚቀመጠው ግዛቸው ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ጃንጥላ ሥር ውለዋል። ከቀበሌ ሥራው ተቀንሶ ሲመጣ ማመልከቻ በምን ይጀመራል፣ በምን ያልቃል የሚለውን ያስተማረችው እሷ ናት። ታይፎይድ የጣለው ጊዜ የእሱን ደንበኞች ጽፋ ገንዘቡን ለሚስቱ ትልክ ነበር። ባሏ ሲሞት ደግሞ ግዛቸው ድንኳን ሲተክልና ወንበር ሲሸከም ሦስት ቀን እንቅልፍ አላየም። አሁንም በእጁ ነበር የሚጽፈው፤ የታተመ የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣበት ኮፒ ቤት ወረፋ ይይዛል። ስለ አዲስ ዕቃ ግን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን ከውሃ ጠርሙስ ጋር አስደግፎ ስለ ታብሌትና ስለ ስልክ የሚያወሩ ሰዎችን ቪዲዮ ያያል።

ኪቦርዱ በሞተ ማግስት አለምነሽ ፒያሳ ወዳለው የሚኪያስ ሱቅ ሄደች። ታብሌቱን የሸጠላት ሚኪያስ ነው። ያንኑ ዓይነት ኪቦርድ አንድ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ሌላ እንደማይመጣም ነገራት። ግዛቸው አብሯት ነበር። ቦርሳዋን ስትከፍት ክንዷን ያዝ አደረጋት።

«ቆይ አለሜ። አዲሱ ታብሌት በመጋቢት ሊወጣ ነው። ኪቦርዱ ከታች ይበራል፣ የአማርኛ ፊደል ተጽፎበታል፣ ለአሮጌውም ይገጥማል። አሁን ይሄን ብትገዢ በወሩ ትጸጸቻለሽ።»

ሚኪያስን አየችው። ሚኪያስ ትከሻውን ሰበቀ። «እንደዚያ እየተባለ ነው እትዬ። እርግጠኛውን ሲመጣ ነው የማውቀው።»

«እንግዲያው ይሄን አስቀምጥልኝ» አለችው። «አዲሱ ካልሆነልኝ ይሄን እወስዳለሁ።» ሚኪያስ ስሟን በወረቀት ጽፎ ካርቶኑ ላይ ለጠፈና ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አኖረው።

መጠበቁ ከባድ ሆነ። መስተዋቱ ላይ ስትጽፍ ጣቶቿ የሚያርፉበትን አያውቁም። አንገቷን ደፍታ ፊደል በፊደል እየፈለገች ስትነካ፣ ፊት ለፊቷ የቆመው ሰው ዝም ይላል። ቀና ስትል የተናገረውን ረስቶታል፣ ወይም የቀረውን ትቶታል። አንዲት ከገጠር የመጣች ሴት ስለ እርሻዋ ድንበር እየተናገረች ድንገት አቆመችና «እየሰማሽኝ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። አለምነሽ በዚያ ቀን ምሳዋን አልበላችም። ወረፋው ሳሳ። ግዛቸው ግን «ትንሽ ነው የቀረው» ይላታል፤ አዲሱን ታብሌት እየገለጠ፣ ኪቦርዱን እያገጣጠመ የሚያሳይ ቪዲዮም ያሳያታል። መጋቢት አለፈ። ወደ ግንቦት ተገፍቷል ተባለ።

በመጋቢት መጨረሻ ግዛቸው መምጣት ተወ። ወገቤን አሞኝ ሐኪም ለረጅም ሰዓት አትቀመጥ ብሎኛል አለ። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ በዓል፣ ከተማው ሁሉ ወደ ጉዱማሌ ሜዳ ሲወርድና የፍርድ ቤቱ በር ሲቀዘቅዝ፣ አለምነሽ አቮካዶና ብርቱካን ገዝታ ቤቱ ድረስ ልትጠይቀው ሄደች። ፎጣ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ሶፋ ላይ ተጋድሟል። ስለ ሥራው ሲጠይቃት እውነቱን ነገረችው፤ ደንበኛ እየሸሻት መሆኑን፣ ሄዳ የድሮውን ኪቦርድ ለማምጣት ማሰቧን።

«ይህን ያህል ከጠበቅሽ በኋላ?» አላት። «አንድ ወር ነው እኮ። አትቸኩይ።»

እሷም አልቸኮለችም።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሚኪያስ ደወለ፤ አዲሱ መጥቷል። አለምነሽ ታብሌቷን ይዛ ሮጠች። ካርቶኑ ሲከፈት መጀመሪያ ያየችው ኪቦርዱ ውስጡ አለመኖሩን ነው፤ ለብቻው ይሸጣል። ሚኪያስ የኪቦርዱንም ካርቶን ከፈተላት። የአማርኛ ፊደል የለበትም። ከታብሌቷ ጋር ልታገጥመው አስጠጋችው። በእሷ ታብሌት ነጥቦቹ ከታች ጠርዙ ላይ ናቸው፤ የአዲሱ ኪቦርድ የሚፈልጋቸው ከጀርባ ነው። ወዲያና ወዲህ አዞረችው። ሁለቱ ዕቃዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተኝተው ቀሩ።

«ይገጥማል ሲባል አልነበር?»

«ከአዲሱ ጋር ብቻ ነው እትዬ። እኔም ዛሬ ነው ያየሁት። አስቀድሞ ያወራው ሁሉ አሁን ዝም ብሏል።»

ታብሌቱንም ኪቦርዱንም አዲስ ልትገዛ አቅሟ አይደለም። አዲሱን ኪቦርድ ወደ ሚኪያስ መልሳ ገፋችው። «በቃ፣ ያስቀመጥክልኝን ስጠኝ።»

ሚኪያስ ግራ ገብቶት አያት። «ወስደውታል እኮ።»

«ማን ነው የወሰደው?»

«ጋሽ ግዛቸው። ከእርስዎ ተልከው መጥተው። ‹አለምነሽ አምጣልኝ ብላኝ ነው› አሉኝ፣ ከፍለው ወሰዱ። የካቲት ላይ ነው።» ፊቷን ሲያይ ድምፁ ቀነሰ። «ሁልጊዜ አብራችሁ ስለምትመጡ አልጠረጠርኩም። ደውዬ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ወንበር አቀረበላት፤ አልተቀመጠችም። የካቲት ላይ ግዛቸው አጠገቧ ነበር። በየቀኑ ሻይ አብረው ጠጥተዋል። ብርቱካን ይዛ የሄደች ዕለትም ኪቦርዱ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ምናልባት ከጎኗ ባለው ክፍል ነበር። አትቸኩይ ያላት እሱን ቤቱ አስቀምጦ ነው።

ግዛቸው የት እንዳለ ለማወቅ አልተቸገረችም። ኮፒ ቤቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ጋሽ ግዛቸው ታቦር ጋራ ሥር፣ አንድ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት እንደሚሠራ ታውቅ ነበር። «አብራችሁ የከፈታችሁት መስሎኝ ነው ያልነገርኩዎት» አለቻት። አለምነሽ ባጃጅ ይዛ ሄደች።

አዲስ ጃንጥላ ነው። ሥሩ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል፣ አራት ሰው ደግሞ ተሰልፏል። ጠረጴዛው ላይ የእሷን ታብሌት የመሰለ ታብሌት አለ፤ ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰ ተማሪ የገዛው መሆኑን በኋላ ሰማች። ከሥሩ ኪቦርዱ ተገጥሟል። ግዛቸው በሁለት ጣት እየፈለገ ይጽፋል።

ቀና ሲል አያት። እጆቹን ቀስ ብሎ ከኪቦርዱ ላይ አነሳ።

«አለሜ» አለ። «ነይ፣ ቁጭ በይ።»

«ወገብህ ተሻለህ?»

«ደህና ነው፣ ይመስገነው።»

«በስሜ ነው የወሰድከው።»

ግዛቸው ወደ ተሰለፉት ሰዎች አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ?»

«አዲሱ ሲወጣ። አንቺ አዲሱን ኪቦርድ ትይዣለሽ፣ እኔም በአሮጌው እሠራለሁ፣ ሁለታችንም እንጠቀማለን ብዬ ነው። ይገጥማል ሲሉ እኔም እኮ አምኛቸው ነበር።»

«ካመንካቸው አንተ ለምን አልጠበቅክም?»

ግዛቸው ኪቦርዱን ከታብሌቱ ነቅሎ ዘረጋላት። «እንኪ። ውሰጂው። ለዚህ ብለን አንቀያየም።»

ሽማግሌው ከአንዱ ወደ ሌላው ያያሉ። ገና ግማሽ የተጻፈው ማመልከቻቸው ታብሌቱ ላይ በርቷል።

«አባባ፣ ቀጠሮዎ መቼ ነው?» አለቻቸው።

«ነገ ጠዋት ነው ልጄ። ይግባኝ ነው።»

አለምነሽ ኪቦርዱን አልተቀበለችም። «የእሳቸውን ጨርስ። ሌሎቹንም ሸኛቸው። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ቤት አምጣልኝ።»

«አመጣለሁ» አለ።

ልትሄድ ስትል ዓይኗ ጽሑፉ ላይ አረፈ። ለአሥራ ሁለት ዓመት ከትከሻው በላይ እያየች ስታርመው ኖራለች። «ተከሳሽ ያልከውን መልስ ሰጪ በለው» አለችው። «ይግባኝ ነው እያሉህ።»

በዚያ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሻይ አፍልታ ጠበቀችው። ምን እንደምትለው አስባ ነበር። ትቆጣለች፣ እሱም ይቅርታ ይላል፣ ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቅር ብሏት ትቆያለች፣ ቀስ በቀስም ይለቃታል። ሰው በችግር ጊዜ የሚሠራውን እሷም ታውቃለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። የግቢው በር ሲንኳኳ ተነስታ ሄደች፤ የጎረቤት ልጅ ናት። አለምነሽ ነገ ይመጣል ብላ ራሷን አጽናናች። ሳምንት አለፈ። ስልክ እንኳ አልደወለም። በስሟ ከሱቅ መውሰዱን ከሰማችበት ቀን ይልቅ የከፋባት ያ ሳምንት ነበር፤ ያን ዕለት ኪቦርዱን የዘረጋላት የተሰለፈው ሰው ስላየው ብቻ መሆኑን ያኔ ነው የተረዳችው።

በአሥረኛው ቀን የሞተውን ኪቦርድ በፌስታል ጠቅልላ ከመናኸሪያው ወዲያ ወደምትሠራ ወደ አንዲት ስልክ ጠጋኝ ወሰደችው። ኢክራም ትባላለች፤ ጠባብ ኪዮስክ ውስጥ በተፈታቱ ስልኮች ተከባ ትቀመጣለች። ኪቦርዱን ፈታታ አየችው።

«እትዬ፣ ይሄ አልቆለታል፤ ውስጡ ዝጓል» አለች። ከዚያ ታብሌቱን አገላበጠችው። «ግን ግድ የራሱ መሆን አለበት?»

ከመሳቢያዋ ጣት የምታህል አጭር ገመድ አወጣች። አንዱን ጫፍ ታብሌቱ ቻርጅ በሚደረግበት ቀዳዳ ሰካች። በሌላው ጫፍ ከጠረጴዛዋ ሥር የጎተተችውን የዴስክቶፕ ኪቦርድ ገጠመች፤ ገመዱ የተጠማዘዘ፣ ዳር ዳሩ በፕላስተር የታሰረ አሮጌ ነው። የአማርኛ መጻፊያውን አስተካከለችና ወደ አለምነሽ ገፋችው።

አለምነሽ እጆቿን አሳረፈች። ኢክራምን እያየች ሁለት መስመር ጻፈች። ስታየው አንድም ፊደል አልጎደለም።

«ይሄ ነገር ድሮም ይሠራ ነበር?» አለች።

«ድሮም ይሠራል።»

«ጥር ላይም?»

ኢክራም ጥያቄው አልገባትም። «ታብሌቱን ከገዙበት ቀን ጀምሮ። አልነገሩዎትም? ሻጮች ይህን ብዙም አይናገሩትም።»

ሚኪያስ ያውቅ እንደሆነ አለምነሽ ብዙ አልተጨነቀችበትም። ወደ ቤቷ ስትመለስ ባጃጁ ውስጥ ያሰበችው ግዛቸውን ነው። በየምሳ ሰዓቱ ያን ሁሉ ቪዲዮ ሲያይ የኖረ ሰው ይህችን አጭር ገመድ አያውቃትም ነበር? ሊያውቅም ላያውቅም ይችላል። ልትጠይቀው ፈለገች፤ ቢመልስላት እንደማታምነው ስትረዳ ተወችው።

አሁን ጠረጴዛዋ ላይ ትልቁ ኪቦርድ አለ። ገመዱን በላስቲክ አስራዋለች፣ ጃንጥላውንም አስጠግናለች። ደንበኛው ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው፤ ሁሉም ግን አልተመለሰም። ከጎኗ ያለውን ቦታ ማንም እንዲይዘው አልፈቀደችም፣ ለማንም እየጠበቀችው ግን አይደለም።

ነሐሴ ላይ የፍርድ ቤቱ ዘበኛ ጠረጴዛዎቹ የሚያድሩበትን መጋዘን ሲያጸዳ የግዛቸውን ወንበር አውጥቶ ምን ይደረግ አላት። አቧራውን በጨርቅ ጠረገችው። ባጃጅ ጠርታ ከኋላ አስጫነችና ለሾፌሩ ታቦር ጋራ ሥር ያለውን የግዛቸውን ጃንጥላ ምልክቱን ነገረችው። «ምን ልበላቸው?» አላት ሾፌሩ። «ምንም» አለችው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስልኳ ጠራ፤ የግዛቸው ስም ነው። ፊት ለፊቷ የሦስት ወር ደመወዝ የተከለከለች ልጅ ቆማ እየተናገረች ነበር። አለምነሽ ስልኩን ገለበጠችውና ዓይኗን ከልጅቷ ፊት ሳታነሳ «ቀጥይ፣ እየሰማሁሽ ነው» አለቻት።