የአባዬ ፖርቶ መጋላ

ሳሎናችን ውስጥ፣ ከሶፋው ጀርባ፣ ሁልጊዜ ተደግፎ የሚቆም ብረት ነበር። እንግዳ ሲመጣ እማዬ ነጠላዋን ጣል ታደርግበታለች። ያኔ የባሰ ያስጠላል፤ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሰው ይመስላል። የአባዬ ፖርቶ መጋላ ነው። መኪና ጣሪያ ላይ ሻንጣ የሚጫንበት፣ ሲፈለግ የሚገጠም፣ ሥራው ሲያልቅ የሚፈታ። ፀሐይ ላይ ከሚሠሩት የናይሮቢ የመንገድ ዳር በያጆች አንዱን አጠገቡ ቆሞ ሲጨቃጨቀው ውሎ ያሠራው ነው።

ለምን ሁልጊዜ መኪናው ላይ አይሆንም? አንደኛ፣ የምንኖረው ኢስሊ ነው፤ መንገድ ላይ ካደረ ጠዋት አይገኝም። ሁለተኛ፣ ባዶውን ሲሄድ ያፏጫል። አባዬ በየቀኑ ጊጊሪ የሚሠሩ አበሾችን ያመላልስ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ከቤት እስከ ቢሮ ስልክ እንዳወሩ ነው። እንዲህ የሚያፏጭ መኪና ውስጥ ስልክ አይወራም።

ስለዚህ ፖርቶ መጋላው የሚወጣው ሰው ሲሄድ ብቻ ነበር። «እነ እገሌ ሊሄዱ ነው» ሲባል ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ብዙዎቻችን ስደተኞች ነን። ካናዳ ያለ ዘመድ ወይ ቤተ ክርስቲያን ዋስ ሆኖልን፣ ቃለ መጠይቅ ተጠይቀን፣ የጤና ምርመራ ተመርምረን፣ ከዚያ ዝም ብለን የምንጠብቅ። አንዱ ቤተሰብ ተራው ሲደርስ አባዬ ፖርቶ መጋላውን ይገጥማል፣ ሻንጣቸውን ይጭናል፣ ኤርፖርት ያደርሳቸዋል። አንድም ቀን ሌላ መኪና ተፈልጎ አያውቅም። የአባዬ አገልግሎት ይሄ ነበር፤ ሌላው ይዘምራል፣ አባዬ ሻንጣ ያስራል።

ወንድም ስለሌለኝ አብሬው የማስረው እኔ ነኝ። የመኪናውን በሮች ከፍተን፣ እሱ በአንድ ወገን እኔ በሌላው ቆመን ቡሎኖቹን እናጠብቃለን። ከባዱ ሻንጣ ከፊት። ዚፑ ወደ ኋላ፣ ነፋስ እንዳይከፍተው። ቀበቶው አንዴ ይጠመዘዛል፤ ዝርግ ከሆነ ነፋሱ ሲመታው መንገዱን ሙሉ ሲያጉረመርም ይሄዳል። ከዚያ ወደ ኤርፖርት መታጠፊያው ሳይደረስ ያለው ነዳጅ ማደያ ላይ ይቆማል። ሻንጣ መንገድ ላይ ይረግብና ቀበቶው ይላላል። አባዬ ወርዶ ይዳስሰዋል፣ «ጠብቋል» ይላል፣ እንሄዳለን። ውስጥ ያሉት ሰዎች ያለቅሳሉ። እኔ መስኮቱን እያየሁ የእኛን ቀን አስባለሁ። ሁሌም። የሰው እንባ እያየሁ አንድም ቀን አልቅሼ አላውቅም፤ ቀናሁ እንጂ።

ሌላም ልማድ አለን። የሚሄድ ቤተሰብ ከጉዞው በፊት ባለው እሁድ ፊት ወጥቶ ይቆማል፣ ይጸለይለታል፣ ከዚያ ዕቃውን ለሚቀሩት ያድላል። ፍራሹ ለአንዱ፣ ድስቱ ለሌላው። አውሮፕላን ላይ ሳይወጡ መስጠት የእምነት ምልክት ነው ይባላል። ሽማግሌዎቹ «በእምነት ልቀቁት» ይላሉ፣ ሰውም ይለቃል።

የእኛም እሁድ መጣ። የበረራ ቀን ተነግሮን ነበር። እማዬ ፍሪጁን፣ ፍራሾቹን፣ ድስቶቿን በሙሉ ሰጠች። አባዬ ለጊጊሪ ደንበኞቹ ሌላ ሾፌር ራሱ ፈልጎ አስተዋወቃቸው፤ መኪናውን ብቻ በመጨረሻው ቀን ሊሸጠው አቆየው። እኔ ደግሞ መሃል ከተማ ልብስ የምሸጥበት ሱቅ ሄጄ ለባለቤቷ ስለ እሷም፣ ስለ ልብሷም፣ ሽንት ቤት ስንሄድ ስለምትቆጥርብን ደቂቃም ያለኝን ሁሉ ነገርኳት። ሁለተኛ ደረጃን፣ ፎርም ፎርን፣ ከጨረስኩ ጀምሮ ያጠራቀምኩት ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ፖርቶ መጋላውን አባዬ የሰጠው ለኳየራችን ጊታር ተጫዋች ነው። ስቴሽን ዋገን መኪና የገዛው በቅርቡ ነበር። እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አስገጥሞ አስፈታው፤ እንደገና አስገጠመው።

«ጋሼ፣ ገባኝ እኮ!»

«ምኑ ነው የገባህ? ቀበቶህን እየው። ዝርግ ነው። ካናዳ ድረስ ሊዘፍንልን ነው?»

«መዝሙር ከሆነ ምን አለበት?»

«አንተ የምትጫወተውን ጊታር የሰማ ቀበቶ መዝሙር አይዘምርም» አለው። ግቢው ሙሉ ሳቀ። አባዬ እንደዚያ ሲቀልድ አይቼው አላውቅም። «በል፣ መጀመሪያ የምትጭነው እኛን ነው» አለው፤ መፍቻውንም ሰጠው።

ሳምንቱ ሳያልቅ ጉዞውን ከሚያስተናግደው ቢሮ ተደወለ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ እንግሊዝኛ የሚቀናኝ እኔ ስለሆንኩ። በረራው ተሰርዟል። ጉዳያችሁ እንደገና ይታያል። እስከ መቼ? አይታወቅም። ሴትዮዋ ድምጿ ጥሩ ነበር፣ ታዝንልኝ ነበር መሰለኝ። ያ ነው ያናደደኝ። ዘግቼ ለአባዬና ለእማዬ በአማርኛ ደገምኩላቸው። እማዬ «እንደገና ማለት ከመጀመሪያው ነው?» አለች። ከመጀመሪያው ነው አልኳት። ምን ብዬ ላባብላት?

ዕቃው መመለስ ጀመረ። ይሄን ማንም እንዳያይ እመኛለሁ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ለዚያ ነው የከበደው። አንዷ ድስታችንን ከሰጠናት ይበልጥ አንጸባርቃ ይዛ መጣች። ፍራሹን የወሰደው ሰውዬ በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲ፣ ጣሪያ ላይ ጭኖ አመጣው፤ በር ላይ ቆሞ በስዋሂሊ «ፖሌ፣ ፖሌ» እያለ ያዝንልናል፣ አማርኛው የጠፋበት ይመስል። ፍሪጁ አልተመለሰም፤ የወሰዱት ልጅ የወለዱ ናቸው፣ እማዬም አልጠየቀችም። አንዲት እህት «ጌታ ዕቅድ አለው» ስትለኝ «ዕቅዱን ለምን ከእሁዱ በፊት አልነገረንም?» አልኳት። እማዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ጊታር ተጫዋቹም ፖርቶ መጋላውን ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ አላስገባውም።

«ጋሼ፣ እባክዎ። ለጊዜውም ቢሆን እርስዎ ጋ ይሁን።»

«ያንተ ነው። እኛን የምትጭነው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እሱማ ነኝ... ግን...»

«ግን ምን? ይዘህ ውረድ።»

ይዞ ወረደ። ከሶፋው ጀርባ ያለው ቦታ ባዶውን ቀረ። እማዬም ሌላ ነገር አላስቀመጠችበትም። ያኔ ገባኝ። ፍራሽ ቢመለስ መተኛት ስላለብን ነው። ያ ብረት ከተመለሰ ግን አንሄድም ማለት ነው። ብረቱ ሰው ቤት እስካለ ድረስ ጉዳያችን በአንድ እግሩም ቢሆን ቆሟል።

ሻንጣዎቹንም አልፈታናቸውም። ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው የምንለብሰውን ከውስጣቸው እናወጣለን፣ አጥበን መልሰን እናጥፋለን። ሐምሌ ላይ የናይሮቢ ብርድ ሲመጣ እማዬ ለካናዳ የተገዛውን ወፍራም ጃኬት ለብሳ ገበያ ወጣች። ቲማቲም የምትሸጠው ሴትዮ «ማማ፣ በረዶ መጣ እንዴ?» ብላ በስዋሂሊ ሳቀችባት። እማዬም አብራ ሳቀች። ቤት ገብታ ጃኬቱን አጥፋ መለሰችው፤ ከዚያ በኋላ በብርድ ስትንቀጠቀጥ እንኳ አላወጣችውም።

የጊጊሪ ደንበኞች ከአዲሱ ሾፌር ጋር ተስማምተው ቀሩ። አባዬ ደወለላቸው፤ ሁሉም ደስ ብሏቸው አወሩት፣ ማንም ና አላለውም። እኔ ሱቁ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ምን ብዬ እገባለሁ? ስለ ሽንት ቤቱ ደቂቃ ይቅርታ ልበላት? አልልም። አከራያችንም እንለቃለን ብለን ስለነበር ቤቱን ለሌላ ሰው ቃል ገብቶበት ነበር፤ ታገሰን፣ ታገሰን፣ በኋላ በቃው። አባዬ ከኤርፖርቱ ወዲያ፣ ምሎሎንጎ፣ አንድ ክፍል ቤት አገኘ።

በሚቀጥለው ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ሂጂና ፖርቶ መጋላውን አምጪው» አለኝ።

«የማንን?» አልኩት። አውቄ ነው። ሌላ መልስ እንዲሰጠኝ ፈልጌ ነበር።

«የእኛን።»

ጊታር ተጫዋቹ ቤት ስደርስ እናቱ በር ላይ ጎመን ትቀነጥሳለች። ፖርቶ መጋላውን ፈልጌ ነው የመጣሁት አልኳት። ልጇ ከውስጥ ሰማና በባዶ እግሩ ዘሎ ወጣ።

«ወጣላችሁ? መጣ? ቪዛው መጣ?»

አፌን ሳልከፍት እናቱ ጎመኑን በትና እልል አለች። ጎረቤት በር ከፈተ። እሱ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «ሃሌሉያ! ብዬ ነበር! እማ፣ አላልኩሽም?» ይላል። «ማምጣት ምን ያስፈልጋል? እኔው እጭናችሁ የለ! ከጋሼ ጋር ቃላችን እኮ ነው!»

«ምሎሎንጎ ነው» አልኩት።

«ምኑ?»

«የምንሄደው። ቤት ልንቀይር ነው። አባዬ ራሱ ነው የሚጭነው።»

እናቱ ጎንበስ ብላ ጎመኗን መልቀም ጀመረች። እሱ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ብረቱን ሲያወጣው አየሁት፤ ጥቁር ቀለም ቀብቶታል፣ እግሮቹ ሥር ያለውንም ላስቲክ በአዲስ ቀይሮታል። ለእኛ ቀን መሆኑን አልነገረኝም። እኔም አላመሰገንኩትም፤ አፌን ብከፍት የሚወጣው ምስጋና አይሆንም ነበር።

ቅዳሜ ጫንን። ያው ሻንጣዎች፣ እማዬ ኤርፖርት እንዳይጠፉ ብላ ቀይ ጨርቅ እጀታቸው ላይ ያሰረችባቸው። አባዬ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው። ከባዱ ከፊት። ዚፑ ወደ ኋላ። ቀበቶውን አንዴ ጠመዘዝኩት። ፍራሹ ከላይ ተጫነ፣ ሸራ ለበሰ። ሊሸኘን የመጣ ሰው አልነበረም፤ ምሎሎንጎ ለሚሄድ ሰው ማን ይሸኛል?

መንገዱ ያው የኤርፖርቱ መንገድ ነው። እማዬ ከኋላ ድስቶቿን አቅፋ ተቀምጣለች። መታጠፊያው ሳይደርስ አባዬ ፍሬቻ አበርቶ ነዳጅ ማደያው ገባ። ነዳጅ አልቀዳም። ወርዶ ቀበቶውን ዳሰሰ፤ በዚህ በኩል፣ በዚያም በኩል። ነዳጅ የሚቀዳው ሠራተኛ አወቀውና በስዋሂሊ «ምዜ፣ ዛሬስ ማንን ነው የምትሸኘው?» አለው። አባዬ እጁን አነሳለትና ተመልሶ ገባ። ሞተሩን አስነሳ።

«ጠብቋል» አለ።

ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ እማዬ ዓይኗን ጨፍና ነበር። እኔ አልጨፈንኩም። መታጠፊያው በግራ በኩል መጣ፤ ሰማያዊው ምልክት፣ የአውሮፕላኑ ስዕል። አባዬ መስመሩን ሳይለቅ በቀጥታ አለፈ።