ትርፍ የተባለው ጭድ

ጭድን ቆሻሻ ብሎ የጻፈውን ሰው በስሙ አልጠራውም። አለቃዬ ነበር፤ ዶክተር ነበር፤ በፊቱም አንቱ እለው ነበር። እዚህ ግን ብዕሬ አንቱ ለማለት እምቢ አለኝ። ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር ካለ እሱ ይቅደም።

የምሠራው በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኬሚካል ምሕንድስና ክፍል ውስጥ፣ ከጤፍ ጭድ ነዳጅ በሚያወጣ ምርምር ላይ ነበር። ሲወራ ከባድ ይመስላል እንጂ አረቄ ሲወጣ እያየ ላደገ ሰው ሥራው እንግዳ አይደለም። ጭዱን እናደቃለን፤ ትንሽ አሲድ ባለበት ውሃ እንቀቅለዋለን፤ ጠንካራው ክፍል እንዲፈታ ኢንዛይም እንጨምርበታለን። ስኳሩ ሲወጣ እርሾ አግብተን እናቦካዋለን፤ በመጨረሻ ልክ እንደ አረቄ በእሳት እናወጣዋለን። የመጀመሪያዋን ጠብታ ሳህን ላይ አድርጌ ክብሪት ስጭርባት ሰማያዊ ሆና ነደደች፤ ጢስ የላት፣ ጥቀርሻ የላት። ያን ቀን ከደስታዬ ብዛት ምሳ መብላቱን ረሳሁት። ይህን የማነሳው ምርምሩ ውሸት ነበር እንዳይባል ነው። ውሸት አልነበረም። ዛሬም አምንበታለሁ፤ የሚያንገበግበኝም ስለማምንበት ነው።

የምርምሩ ሰነድ ግን ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያናደደኝ ሐረግ ነበረበት። «በደጋማው አካባቢ ጥቅም ላይ የማይውል የግብርና ቆሻሻ» ይላል። እኔ ያደግሁት ከብልባላ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። ቤታችን የቆመው በጭድ ነው፤ ጭድ ያልገባበት ጭቃ ግድግዳ ላይ አይቆይም፣ ክረምት ሲመጣ እየተገመሰ ይወርዳል። የተኛሁበት ፍራሽ ውስጡ ጭድ ነበር። የጠጣሁት ወተት ላሟ ከበላችው ጭድ የመጣ ነው። ላሊበላ ከተማ ያሉት ሆቴሎች እንኳ ለቱሪስት ብለው ጎጆ ሲያሠሩ ግድግዳውን በጭድና በጭቃ ያስመርጉና፣ ፈረንጁ በእጁ እየዳሰሰ ሲያደንቅ አጠገቡ ቆመው ይኮራሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሜዳው ከደረቀበት ጊዜ ጀምሮ ክረምት ገብቶ አዲስ ሣር እስኪበቅል ድረስ በሬ በእግሩ የሚቆመው በጭድ ክምሩ ነው። ይህን ሁሉ ለአለቃዬ ነገርኩት። «ስሜታዊ አትሁኚ፤ ቃሉ በዓለም ላይ የሚሠራበት ቃል ነው» አለኝ። በዓለም ላይ የሚሠራበት ይሁን፤ እኛ ቤት ግን አይሠራበትም።

ቀጥሎ በወረዳው ምን ያህል ትርፍ ጭድ እንዳለ ይጠና ተባለ። የአካባቢው ልጅ ነሽ ተብዬ እኔ ተመደብኩ። ወሩ ታኅሣሥ ነበርና ገበሬው ሁሉ ውቂያ ላይ ነው። አለቃዬም አብሮኝ መጣ። በየአውድማው ዳር የጭድ ክምር ቤት አክሎ ቆሟል። እሱ ከመኪናው ሳይወርድ በስልኩ ፎቶ አነሳና «አየሽ አይደል፣ ነዳጁ ሜዳ ላይ ተጥሎ» አለኝ። የተጣለ ነገር እንዲያ ተስተካክሎ፣ እንዲያ ጫፉ ተበጥሮ እንደማይከመር ማየት የዶክተርነት ትምህርት አይጠይቅም ነበር።

እኛ አገር አውድማ ላይ አፍ ይጠበቃል። እህሉ ተሰፍሮ ቤት እስኪገባ ድረስ አነሰ፣ አይበቃም፣ የለም አይባልም፤ ስለ እህሉም ስለ ጭዱም። ቢያንስም «ሞልቷል» ነው የሚባለው። ሌላ ቃል ከሰው አፍ ከወጣ በረከቱ ይነሳል ተብሎ ይፈራል። ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ የምርቱን ክምር አይቼ «ይቺ ብቻ ናት?» ብዬ፣ እናቴ አፌን በመዳፏ ገጥማ እየጎተተች ከአውድማው አስወጥታኛለች። በቅጹ ላይ የታተመው ጥያቄ ደግሞ «ከከብት ቀለብ የሚተርፍ ጭድ አለዎት?» የሚል ነበር። ይህን አውድማ ላይ ቆሞ መጠየቅ መልሱን ራስ ጽፎ እንደመምጣት ነው።

አውቅ ነበር። ጠያቂዋ የሌላ አገር ልጅ ብትሆን ሳታውቅ ነው ይባልላት ነበር፤ እኔ ግን አውቅ ነበር።

ለአለቃዬ ነገርኩት። «ይኼ ጥያቄ እዚህ አይጠየቅም፤ እህሉ ከገባ በኋላ ተመልሰን ቤታቸው እንጠይቃቸው» አልኩት፤ ምክንያቱንም አስረዳሁት። ሳቀ። ቀጥሎ ሰዓቱን አየ። «ለመመላለሻ የሚሆን ነዳጅ የለንም» አለኝ። ነዳጅ እንሠራለን ብለን የወጣን ሰዎች ነን እንግዲህ። ያን ጊዜ ቅጹን መሬት ላይ ጥዬ መሄድ ነበረብኝ። አልጣልኩም፤ የማስተርስ ጽሑፌ የሚያልፈው በእሱ ፊርማ ነበር።

የመጨረሻው አውድማ የአጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ ለትምህርት ያበቁኝ እሳቸው ናቸው። ጥማድ በሬ አላቸው፤ ቀዩና ቡሬው። በመንደራችን ጥማድ ያለው ሰው ጥቂት ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው፣ እንደሱ አንድ ካለው ጎረቤት ጋር እየተቀናጀ፣ ተራ እየጠበቀ ያርሳል፤ ተራው እስኪደርስ ደግሞ ዝናቡ አይጠብቀውም። አጎቴ በዕድሜያቸው የማንንም ተራ ጠብቀው አያውቁም። የሚኮሩበት ነገር ቢኖር ይኸው ነበር።

«ያብዛላችሁ» ብዬ ቀረብኩ። «አሜን፣ ነይ ልጄ» አሉኝ።

ጥያቄውን አነበብኩላቸው። ጭዱን የሚያነሱበትን መንሻቸውን መሬት ላይ ተክለው ተደገፉትና አዩኝ። ይኼንን እዚህ፣ አንች ትጠይቂኛለሽ ወይ የሚል አስተያየት ነበር። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ክምሩ መልሰው «ሞልቷል፤ ይተርፋል፤ ተመስገን» አሉ። አለቃዬ ከኋላዬ «ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክሬ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩት። በዚያ ሰሞን ከጠየቅናቸው መካከል የለኝም ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። አለቃዬ እንዲህ ያለ እርስ በርሱ የተስማማ መረጃ አይቶ እንደማያውቅ መንገዱን ሙሉ እያወራ ገባን።

በጥር ከጋሸና በኩል የጭነት መኪና መጣ። ለሚተከለው የሙከራ ጣቢያ ጭድ ይሰበሰባል ተባለ። የቀበሌው ሰው ቅጹን ይዞ በየቤቱ ዞረ። ትርፍ አለኝ ብለህ ፈርመህ የለም ወይ ነው ነገሩ። በምትኩ ለየቤቱ በዚሁ ነዳጅ የሚሠራ ምድጃ ይሰጣል። ገበሬ ጣቱን ያሳረፈበትን ወረቀት ፊቱ ላይ ዘርግተውበት ምን ብሎ እምቢ ይላል? አጎቴ የክምራቸውን ግማሽ በአህያ እየጫኑ እስከ መኪናው አወረዱ። እኔ ያን ጊዜ ላብራቶሪ ውስጥ ነበርኩ፤ የሰማሁት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ቀድሜ ብሰማስ ምን አደርግ ነበር ብዬ ራሴን ጠይቄዋለሁ። መልሱን አልወደውም።

ጭዱ ጣቢያው ይሠራበታል በተባለው ግቢ ተቆለለ። ከውጭ አገር ይመጣል የተባለው ትልቁ የብረት ጋን ግን አልመጣም። ክምሩ ሸራ ይልበስ ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የሸራ ግዢ በዕቅድ አልተያዘም ተባልኩ። ሁለተኛ ጻፍኩ፤ መልስም አላገኘሁ። መጋቢት ላይ ጥቂት ቀን ዘነበና ሰማዩ መልሶ ተዘጋ። ሣር ለማብቀል ያልበቃች ዝናብ ጭድ ለማበስበስ በቃች። ግቢው ሄጄ እጄን ክምሩ ውስጥ ስከት ሆዱ ይፋጃል፤ ያወጣሁት ጭብጥ ጠቁሯል፣ ሻግቷል። አለቃዬ በመጨረሻ ትክክል ሆነ፤ ጭዱ ቆሻሻ ሆነ፤ ቆሻሻ ያደረገው ግን እሱ ነው።

ግንቦት ላይ እናቴን ልጠይቅ ወደ መንደር ሄድኩ። ቡሬው መነሳት አቅቶት ደርሼ አገኘሁት። ከፊሎቹ ቀንዱን፣ ከፊሎቹ ጭራውን ይዘው ጎረቤቶች ያስነሱታል፤ ትንሽ ይቆምና ጉልበቱ ይከዳዋል። ክምሩ የነበረበት ቦታ መሬቱ ተጠርጎ ነጥቷል። አጎቴ ከማድቤታቸው ጣሪያ ላይ የጥቀርሻ ሽታ ያለውን አሮጌ ክዳን እየመዘዙ፣ ጨው ያለው ውሃ እያርከፈከፉ ያቀርቡለታል። ለዘመናት ጢስ የጠጣ ሣር ነው፤ ቡሬው አሽትቶ ፊቱን ያዞራል። የተሰጣቸው ምድጃ እዚያው ማድቤት ጥግ ላይ ተቀምጧል። ነዳጁ አልመጣም፤ ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች። አጎቴ አንድም ቃል አልወቀሱኝም፤ እንዴት ሰነበትሽ፣ ትምህርቱስ እንዴት ነው አሉኝ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ቡሬውን፣ ሳይሞት ይሻላል ብለው፣ ላሊበላ ላለ ሥጋ ቤት ሸጡት።

ስመለስ አለቃዬ ቢሮ ገባሁና ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሁሉ ሰምተዋል። በትዕግሥት አዳመጠኝ፤ ትዕግሥቱ ከሁሉ ይበልጥ አቃጠለኝ። «አዝናለሁ፤ ግን አንድ በሬ መረጃ አይሆንም» አለኝ። አውድማ ላይ የተባለ «ሞልቷል» መረጃ ነው፤ ጣሪያ እየተነቀለለት ሊበላ ያልቻለ በሬ መረጃ አይደለም። ይህ ሰው ምርምር አስተምሮኛል።

በዓመቱ የታኅሣሥ ወር ተመልሶ መጣ። ሪፖርቱ ተወድዶ ስለነበር ለሁለተኛ ዙር አዲስ ቅጽ ታተመ፤ ጥያቄው ያው ነው። በዚህ ጊዜ ብቻዬን እሄዳለሁ አልኩ። በቀጥታ ወደ አጎቴ ወረድኩ። የጎረቤቱ ሁሉ ውቂያ አልቆ የእሳቸው ገና መካከል ላይ ነው። ቀዩን ከአንድ ጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው ያበራያሉ፤ ተራ ጠብቀው ነው የዘገዩት። ከአውድማው ወጣ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ቅጹ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

«ወረቀትሽን ይዘሽ መጥተሻል መቼም» አሉኝ። «ጠይቂ እንጅ።»

«እህሉ ይግባ መጀመሪያ፤ እጠብቅዎታለሁ» አልኳቸው።

ያን ቀን ዋልኩ። ጭዱ ተለየ፣ እህሉ ተሰፈረ። ምርቱ ሁሉ ወደ ቤት ሲገባ እኔም አንዱን ጆንያ ተሸክሜ ተከተልኩ። አጎቴ እጃቸውን ታጥበው መደቡ ላይ አረፍ አሉ። ቅጹን አውጥቼ እንደ አምናው ቃል በቃል አነበብኩላቸው።

«የለም» አሉ፤ አልተጨነቁም፣ አላሰቡበትም። «ለቀዩም ብቻውን አይበቃ። አምናም አልነበረም።»

ጻፍኩ። ቀለሙን ከፍቼ ወደ እሳቸው ሳስጠጋው እጃቸውን አልሰጡኝም። በበሩ አሻግረው አውድማውን እያዩ ነበር።

«ከዚያ እስከዚህ ስንት እርምጃ ይሆናል?» አሉኝ።

«ሃምሳም አይሞላ» አልኳቸው።

«አምና ምነው ሳትራመጂው ቀረሽ?»

ጣታቸውን እኔ በያዝኩት ቀለም ራሳቸው ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።