በበርሜሉ ውስጥ የከረሙት ዛጎሎች

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዓሣ ልገዛ በወረድኩ ቁጥር፣ ሐይቁ ሸሽቶ ከተወው ጭቃ ላይ አፉን ከፍቶ የሞተ ዛጎል ሽታ ይመጣና ያስቆመኛል። ሌላው ሰው በነጠላው ጫፍ አፍንጫውን ሸፍኖ ይፈጥናል፤ እኔ ግን እንደ ሞኝ ቆሜ እስበዋለሁ። ቆላ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ያለው የልጅነት ቤታችን፣ ከጓዳው ደጃፍ የቆመው ሰማያዊ በርሜል፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ የተፋጠጡት እናትና አባቴ፣ ሁሉም በዚያ ግማት ውስጥ ተመልሰው ይመጣሉ።

በበጋ፣ ሙቀቱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲያንጣጣው፣ አባቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ናሆምን ይዞ ወደ ወንዝ ይወርድ ነበር። የባዮሎጂ መምህር ነበር፣ ክፍል ውስጥ ተናግሮ የማይበቃው ዓይነት፤ እናቴ «አንተ ሰው ብታጣ ለዶሮም ታስተምራለህ» ትለው ነበር። ወንዙ በዚያ ወራት ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬው ብቻ ይቀራል፤ ከኩሬው ዳር፣ መዳፍ የሚያካክሉ ዛጎሎች ግማሽ አካላቸውን አሸዋ ውስጥ ቀብረው፣ ሁለቱን ክዳናቸውን ገርበብ አድርገው ይቀመጡ ነበር። አባቴ ከሰል በጣቱ አድቅቆ ከአንዱ አጠገብ ይለቅና ዝም ብለን እንድናይ ያዘናል። ጥቁሩ ብናኝ ማንም ሳይነካው ተስቦ በአንደኛው ቀዳዳ ይገባል፤ በሌላኛው የሚወጣው ውሃ ግን ጥርት ያለ ነው። ከዚያ ትምህርቱ ይጀመራል፦ ዓሣ የሚተነፍስበት ስንጥብ ዛጎልም አለው፤ ዛጎል ግን በስንጥቡ መተንፈስ ብቻ ሳይሆን ይበላበታል፤ ስንጥቡ ላይ ለዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ፣ ያለ ዕረፍት እየቀዘፉ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባሉ፣ በውሃው ውስጥ ያለውን ጥቃቅን ነገር ይዘው፣ በልጋግ እየጠቀለሉ ወደ አፉ ያስተላልፉታል፤ የማይበላውን ጭቃ ደግሞ አድቦልቡሎ ይተፋዋል። «መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ በወንፊት የሚነፉትን ሴቶች አይታችኋል? እንደነሱ ነው፤ ይሄ ግን ወንፊቱን ውጦታል» ይለን ነበር። ናሆም ወንፊት የዋጠ ይመስል ሆዱን እየዳበሰ ይስቅ ነበር።

ክረምት ሲገባ ሳቁ ይቀንስ ነበር። ወንዙ የደጋውን አፈር ተሸክሞ ቀይ ሆኖ ይወርዳል፣ ቧንቧው ይቆማል፣ የምንጠጣውም ያንኑ ወንዝ ይሆናል። አንድ ክረምት ናሆምን ተቅማጥ ጥሎት፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ እናቴ በምትሠራበት ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተተክሎለት ለጥቂት ነው የተረፈልን። እናቴ ነርስ ነበረች፤ ለአረም ከደጋ የወረዱትን ሠራተኞች ከወባ ስታተርፍ ውላ የራሷን ልጅ ልታጣ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ያልፈላ ውሃ ወደ አፋችን አይደርስም ነበር። ችግሩ፣ የፈላ ጭቃም ያው ጭቃ ነው። ናሆም ብርጭቆውን ያይና ከንፈሩን ይገጥማል፤ በልመናም በቁጣም አይከፍትም። በዚያ ወበቅ ውሃ እምቢ ያለ ልጅ ምን እንደሚሆን እናቴ ከማንም በላይ ታውቅ ነበርና፣ ከሥራ በገባች ቁጥር ጋዋኗን ሳታወልቅ የእጁን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ትለቅና ቶሎ መመለሱን ታይ ነበር።

በተከታዩ ክረምት፣ ከመጀመሪያው ደራሽ ጎርፍ በኋላ ወንዙ ጎደል ባለ ቀን፣ አባቴ አንድ ባልዲ ሙሉ ዛጎል ይዞ መጣና የወንዙን ውሃ በያዘው በርሜል ውስጥ ጨመረው። በማግስቱ ጠዋት ውሃው ጠርቶ የበርሜሉ ታች ይታይ ነበር። አባቴ በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ፀሐይ አነሳው፣ እንደ ሙሽራ ፈነደቀ፣ ከዚያም ለናሆም ዘረጋለት። ናሆም አፉን ከፈተ። ይሄኔ እናቴ ከአዳር ሥራ ስትገባ አየችና ብርጭቆውን ከአባቴ እጅ ወሰደችው።

«ጠራ እንጂ አልነጻም» አለችው። «ልጄን ያን ጊዜ የጣለው እኮ በዓይን የሚታይ ነገር አልነበረም።»

አባቴ ይህን አጥቶት አይደለም፣ ደስታ አስረስቶት ነው። ይከራከራል ብዬ ስጠብቅ ውሃውን ወደ ማንቆርቆሪያው ገለበጠና ተንበርክኮ ከሰሉን እፍ ማለት ጀመረ። ፈልቶ ሲቀዘቅዝ ናሆም ብርጭቆውን ጥርግ አድርጎ ጠጣና፣ ባዶውን ለእናቴ እየዘረጋ «ድገሚኝ» አላት። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዓይኗን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገች።

እንዲህ ሆነን ከረምን፤ ዛጎሎቹ ያጠሩ ነበር፣ እናቴ ታፈላ ነበር፣ እኔ በርሜሉን እሞላ ነበር። ነሐሴ ላይ ያ ግማት መጣ። አንዱ ዛጎል ሞቶ ነበር። እናቴ ሁሉንም ትጥላቸዋለች ብዬ ፈራሁ፤ እሷ ግን ዱካ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱን በጥፍሯ መታ መታ ታደርግ ጀመር፤ ክዳኑን የገጠመውን «ይቺ አለች» እያለች በጎን ታኖራለች። የሞተውን ጥላ በርሜሉን ለማጠብ በረኪናውን አነሳች፤ ግን የቀሩትን እንዳይገድልባት ወደ ቦታው መልሳ በርሜሉን በአሸዋ ፈተገችው። በረኪና የማይነካው ዕቃ በሌለበት ቤት፣ ያንን ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

መስከረም ላይ ወንዙ ሲጠራ አራታችንም ወርደን መለስናቸው። አባቴ አቀማመጡን ሊያስረዳ ሲጀምር እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገብታ፣ አንድ በአንድ አሸዋው ላይ አስቀመጠቻቸው። የመጨረሻውን ስታስቀምጥ እጇን ከውሃው ሳታወጣ፣ «ልጄን አጠጣችሁልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ማንም አልሳቀም።

ዛሬ ቤቴ ያለው ቧንቧ ማጣሪያ ተገጥሞለታል። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ እናቴ ግን አሁንም ስልክ ስትደውል ከሰላምታው ቀጥላ «ታፈዪዋለሽ?» ትለኛለች፣ እኔም አፈላለሁ። ናሆም እዚያው ቆላ፣ ኮኪት እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል፤ እኔ ዘንድ ሲመጣ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። የዚያን ክረምት ነገር ብዙም አያስታውስም። ውሃ ስሰጠው ከጓደኛው ጋር በስልክ እያወራ፣ ብርጭቆውን ሳያየው ይጠጣል። እኔ ግን እስኪጨርስ ድረስ ከፊቱ አልነሳም።