ከመጽሐፉ ማዶ የተማረች

ወለተ ሩፋኤል ፊደልን የለየችው በግልባጩ ነው። አባቷ በገነተ ማርያም ደጅ የኔታ ነበሩ። ተማሪው ብዙ፣ ዳዊቱ ግን አንድ በመሆኑ ልጆቹ መጽሐፉን ከበው ይቀመጡ ነበር። ለሴት ልጅ ማን ቦታ ይለቃል? ለእሷ የተረፋት ከመጽሐፉ ማዶ፣ በራስጌው በኩል ነበር። ፊደሉ ሁሉ ተዘቅዝቆ ይታያት ስለነበር እንደተዘቀዘቀ ለመደችው። አባቷ ነገሩን ያወቁት አንድ ቀን መጽሐፉን አቅንተው ቢሰጧት መልሳ ስታዞረው ነው።

“ከእንግዲህ ካንቺ ፊት ምሥጢር የሚጽፍ ወዮለት!” ብለው ሳቁ።

ያ ሁሉ ልጅ ዛሬ የት የት እንደደረሰ እንጃ። እሷ ግን ከዚያው ብዙም ሳትርቅ፣ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ስታስተምር ፀጉሯ ሸበተ። ዓርብ ጠዋት የቃል ጽሕፈት ነው፤ እሷ ታነባለች፣ ልጆቹ ይጽፋሉ። በዴስኮቹ መሐል እየተዘዋወረች፣ ደብተሩን ሳታዞር ከፊት ለፊት ታርማለች። ልጆቹም እንደ አባቷ “የኔታ” ይሏታል።

በሰኔ ጡረታ ትወጣለች። ዕረፍቱን አልጠላችውም፤ ዓርብን ለማን ትታው እንደምትሄድ ግን ጨንቋታል። እንዲህ እያለች ሳለ ርእሰ መምህሩ ምስጋኑ ቢሮው አስጠራት። እሱም የእሷው ተማሪ ነበር።

“የኔታ፣ እንዳይቀየሙኝ። የዓርቡን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ልወስደው ነው። በሞዴል ፈተናው ልጆቹ ወደቁብን እኮ።”

“የቃል ጽሕፈቱስ?”

“ፈተናው ላይ ጽሕፈት የለም። መልሱን ማጥቆር ብቻ ነው።”

“እንግዲያ እርሳሱን አስተምረዋ! ልጁን ለምን በጠዋት ታስነሣዋለህ?”

ምስጋኑ ሳቀ፤ ሐሳቡን ግን አልለወጠም። ስለ ውጤቱ ሲያብራራላት፣ የእሷ ዓይን በፊቱ የተዘረጋውን የፈተና ወረቀት ከማዶ ማንበብ ጀምሮ ነበር። አንዱ ጥያቄ በቀይ ተከቧል።

“ይሄን የበጎቹን ስንቱ ልጅ አገኘው?”

“እሱንማ ማንም! ቀላል መቀነስ ነበር፤ ሁሉም ደመሩት። ቆይ፣ ከዚያ ሆነው አነበቡት እንዴ?”

“ዓርብ የማጽፋቸው ይሄንኑ ነው። መጥተህ እይና ከዚያ በኋላ ውሰደው።”

መጣ። ከኋላ፣ ሰገነት ከምትባል ተማሪ አጠገብ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። ወለተ ሩፋኤል ቃሉን እየሰበረች፣ እያሳረፈች አነበበች፦ “አብዱልጀባር ወደ ሙጃ ገበያ ከነዳቸው አርባ በጎች... ዐሥራ ሁለቱን ሸጦ... ስምንቱን ለእህቱ ሰጥቶ...”

አንብባ ሳትጨርስ ከመስኮቱ በኩል ያለ ልጅ፣ “ውይ! ሸጧቸዋል ለካ!” ብሎ ጮኸ።

“ታዲያ በፈተናው ጊዜ ምን አድርጓቸው ነበር?”

“ያን ጊዜማ ቁጥሩን ብቻ ነው የለቀምነው፣ የኔታ” አለች ሰገነት። “ሲጻፍ ግን ሰውየው ሲሄድ ይታያል።”

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ምስጋኑ አልሳቀም፤ የልጅቱን ደብተር አየት አደረገ። ልጆቹ ሲወጡ በሩ ላይ ጠበቃት።

“ዓርብ ይቆይ፣ የኔታ። ከሰኔ በኋላስ ማን ያነብላቸዋል? ሰው የለኝም።”

“አንተ አለህ።”

“እኔ? እኔ እኮ አስተዳደር ነኝ!”

“አስተዳደር አፍ የለውም?”

በሚቀጥለው ዓርብ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመ። ሌላ የገበያ ጥያቄ ይዞ እንደ ዜና አንባቢ ተንደረደረ።

“ኧረ ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ!” ልጆቹ ተንጫጩ። “እኛ ገና ገበያው ላይ ነን!”

ምስጋኑ ደነገጠና ወደ ወለተ ሩፋኤል ዞር አለ። እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ውጭ እየወጣች ነበር። ግድግዳው ሥር ቆማ ጆሮዋን ጣለች። ምስጋኑ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው፣ ቀስ አድርጎ ያዘው።

እስኪጨርሰው ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀችም።