ሰዓዳ ማካፈል የተማረችበት ዓመት

ልጅ ሆነን፣ ሪያድ ውስጥ አራተኛ ክፍል የገባን ጊዜ፣ ከማካፈል የባሰ የሚያስፈራን ነገር አልነበረም። የኢትዮጵያውያን ልጆች የምንማርበት ትምህርት ቤት ከመኖሪያ ቪላ የተለወጠ ነበር፤ ክፍላችን የሰው ሳሎን እንደነበር ከኮርኒሱ ጌጥ ያስታውቃል። የእርሳስ ፍቅፋቂ፣ የእንቁላል ሳንዱችና ውሃ የሚያንጠባጥበው አሮጌ ኤሲ ተቀላቅለው የሚሸቱት ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ሰዓዳ ትባላለች። አባቷ ሱለይ የሚባል ሩቅ ሰፈር፣ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበሩ፤ እናቷ እትዬ ዘሀራ ሰው ቤት ይሠራሉ። ሱወይዲ ሰፈር ጎረቤታሞች ስለነበርን አባቴ ወደሚሠራበት ሆስፒታል ሲሄድ ሁለታችንንም በመኪናው ያደርሰናል። ሰዓዳ ጎበዝ አንባቢ ነበረች፤ ቁጥር ሲመጣ ግን ትጽፋለች፣ በላጲስ ታጠፋለች፣ እንደገና ትጽፋለች፣ መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ይቀደዳል። መሳሳትን እንደዚያ የሚፈራ ልጅ ከዚያ በኋላም አላየሁም።

አንድ ቀን የሂሳብ አስተማሪያችን ቲቸር ግርማ የተቀደደውን ገጽ አዩና ወደ ሰሌዳው ሄዱ። ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ለስድስት ሲካፈል ብለው ጻፉ።

«ማንም እንዳያሰላ» አሉ። «መጀመሪያ ገምቱ። ለስድስት በቀላሉ የሚካፈል፣ ለዚህ ቁጥር ቅርብ የሆነ ማነው?»

ሰዓዳ አንገቷን ሳታቀና፣ «ሁለት መቶ አርባ» አለች።

«ስንት ስንት ይደርሳል?»

«አርባ።»

«በቃ! መልሱ አርባ አካባቢ ነው። ግምት ማለት መልሱ የት ሰፈር እንደሚኖር ማወቅ ነው፤ ሱወይዲ መሆኑን ካወቃችሁ ቤቱን ጠይቃችሁ ትደርሱበታላችሁ። ሱለይ ሄዳችሁ ብታንኳኩ ግን ማን ይከፍትላችኋል?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግምታችንን በእስክሪብቶ፣ መልሱን በእርሳስ እንድንጽፍ አዘዙን። ግምት አይጠፋም፤ ቢርቅም ቢቀርብም እዚያው ይቀመጣል፣ ማንም አይቆጣበትም። ሰዓዳ ይህን ማመን አቅቷት ሁለት ጊዜ ጠየቀቻቸው። «ቢሳሳትም አይሰረዝም?» «አይሰረዝም፣ ሰዓዳ።»

ልጅቷ ተለወጠች። ጠዋት መኪና ውስጥ ከፊታችን ያለውን የመኪና ታርጋ ታነብና ለሦስት፣ ማለትም ለአባቴ፣ ለእኔና ለራሷ ታካፍለዋለች። ግምቷን ጮክ ብላ ትናገራለች፤ አባቴ መሪውን ይዞ ያሰላል። ሲቀርብላት በእግሯ ወንበሩን እየመታች ትስቃለች። ሲርቅባትም ትስቅ ጀመር። አባቴ፣ «ይህቺ ልጅ መሐንዲስ ትሆናለች፣ ኢንሻአላህ» ይላል፤ ክርስቲያን ቢሆንም ቃሉ አፉን ለምዶት ነበር።

ዓመቱ ሳያልቅ የሰዓዳ አባት ከከፊላቸው፣ ማለትም ፈቃዳቸው በስሙ ከወጣው አሠሪ ጋር ተጣሉ። ሰውየው ሠራተኛዬ ጠፍቶብኛል ብሎ ለፖሊስ አመለከተና ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ተሰረዘ። ከጋራዥ ሲመለሱ መንገድ ላይ ተያዙ። እናትና ልጅም በእሳቸው ኢቃማ ስለነበሩ አብረው ወደ አገር ሊሸኙ ሆነ።

የመጨረሻው ቀን እትዬ ዘሀራ የትምህርት ማስረጃዋን ሊወስዱ ሰዓዳን ይዘዋት መጡ። ቲቸር ግርማ እያስተማሩ ነበር። በሩ ላይ ሲያዩዋት አራት መቶ ዐሥራ ሦስት ለሰባት ብለው ጻፉና ጠመኔውን ዘረጉላት። ሰዓዳ ወዲያው «ስልሳ» ብላ ጫር አደረገች፤ ከዚያ እየቀነሰች፣ እያወረደች መሥራት ያዘች። እናቷ፣ «ያላ ሰዓዳ፣ የሚሸኙን ሰዎች መኪና ውስጥ እየጠበቁን ነው» ይላሉ። እሷ አልዞረችም። ሃምሳ ዘጠኝ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። ቲቸር ግርማ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ።

ኮሪደሩ ላይ ሮጬ ደረስኩባትና መቼ እንደምትመለስ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበች። «ሁለት ወር አካባቢ» አለችኝ። አመንኳት። ያን ጊዜ ግምቷ የሚሳሳት አይመስለኝም ነበር።

አልተመለሰችም። ስልካቸውን የሚያውቅ ጠፋ፤ እኛም አደግን። ትምህርቴን አገር ቤት ጨርሼ በነርስነት ተቀጥሬ ወደ ሪያድ ተመለስኩ። ባለፈው ዓመት ሱወይዲ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት የአሠሪያቸውን ልጅ በጋሪ እየገፉ ሲያልፉ ልጁን ሲያባብሉ ሰማሁ። አነጋገሩ የወሎ ነው፤ ድምፁን አወቅኩት።

«እትዬ ዘሀራ?» አልኩ። «ሜላት ነኝ።»

«ሜላት!» አሉ፤ «የሰዓዳ ሜላት?» እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ሰዓዳስ ብዬ ጠየቅኩ። እንደነገሩኝ ከዐሥረኛ ክፍል በኋላ ከሰፈር ልጆች ጋር በባሕር ወደዚህ ተነሥታ ነበር። ጀልባው ተገለበጠ ተባለ። «ሬሳዋን ያየ ግን የለም» አሉኝ፤ «ለዚህ ነው ሰው ቤት ተቀጥሬ የተመለስኩት። ሪያድ ከገባች ወዳንቺ ነው የምትመጣው፤ ከእናንተ ቤት ሌላ የምታውቀው የላትም። አልመጣችም፣ ልጄ?»

አልመጣችም አልኳቸው። ያን ቤት ከለቀቅን ዓመታት እንዳለፉ ለመናገር ግን አፌ አልታዘዘልኝም።

አሁን ዓርብ ዓርብ ማዳማቸው ስትፈቅድላቸው ወደ እኔ ይመጣሉ። አያለቅሱም። ሻይ እቀዳላቸውና፣ «እስቲ ትምህርት ቤት ምን ምን ታደርግ ነበር?» ይሉኛል። ስለ ታርጋው እነግራቸዋለሁ፤ አባቴ እንዴት እንደሚስቅ፣ እሷ እንዴት እንደምትስቅ። ማካፈል ትፈራ እንደነበር እንኳ አያውቁም ነበር፤ ሲነጋ ወጥተው ሲመሽ የሚገቡ እናት የት ያያሉ? «ስሙልኝ እንግዲህ፣ የኔን ልጅ» ይላሉ ለማንም ሳይሆን። «በይ እንደገና ንገሪኝ።»

የነገርኳቸውን ደግሜ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ወደ አሠሪዎቻቸው ቤት አደርሳቸዋለሁ። ልጅ ሳለን ሴት መኪና ስትነዳ አይተን አናውቅም ነበር፤ ዛሬ እኔ ነኝ የምነዳው። ሰዓዳ የሄደች ቀን እንባ አልወጣኝም፤ ልጅ ነበርኩ፣ ትመለሳለች ብዬ ነበር። አሁን እትዬ ዘሀራ የውጪውን በር ከፍተው እስኪገቡ ድረስ በፈገግታ እጄን አውለበልብላቸዋለሁ። በሩ ሲዘጋ ሞተሩን አጠፋና መሪው ላይ ተደፍቼ አለቅሳለሁ።