መስኮት ዘግቶ መዘመር

ደሴ እናቴ ዘንድ በሄድኩ ቁጥር አልጋዋ ጫፍ ላይ የታጠፈው ግራጫ ብርድ ልብስ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ሁለት ጥጉ በምስማር ተበሳስቷል። ቢታጠብ ቢታጠብ የላምባ ሽታው አልለቀቀውም። አንተ ብታየው አሮጌ ጨርቅ ነው። እኔን ግን ሽታው ልጅ ያደርገኛል።

በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር የምንሰበሰበው እኛ ቤት፣ ሰኞ ሰኞ ነበር። ቤታችን ሰኞ ገበያ ጥግ ላይ ስለሆነ የሻጭና የገዢው ጫጫታ፣ የአህያው ጩኸት ሁሉ ይሸፍነናል። አባቴ ከኮምቦልቻ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ይመጣና እንቅልፉን ትቶ ብርድ ልብሱን መስኮቱ ላይ ይቸነክረዋል። ከዚያ በጨለመው ክፍል፣ በላምባ ኩራዝ ጭላንጭል፣ ከደጅ በሚገባው የበርበሬ ሽታ መሐል፣ ሰዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው በሹክሹክታ ይዘምራሉ።

ታናሽ እህቴ አባቴ እግር ሥር ተቀምጣ አፍ አፉን ታያለች። ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ታንቀሳቅሳለች፤ ሲያቃስት ታቃስታለች። እናቴ «የኔ ዘማሪ!» እያለች አፏን ሸፍና ትስቅ ነበር። ያ ሳቅ ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ ያመኛል። ለማንም እንዳንናገር ተመክረናል፤ ሌላ ሰው ድምፁን አውጥቶ እንደሚዘምር ግን ለእሷ የነገራት አልነበረም።

ለአብዮት በዓል የሚዘምሩ ልጆች ሊመረጡ ቀበሌ አዳራሽ ተጠራን። ሊቀመንበሩ አንድ በአንድ እያስነሳ ያዘምራል፤ ልጁ ሁሉ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። እህቴ ተራዋ ሲደርስ መጀመሪያ ሄዳ መስኮቱን ዘጋች። ተመልሳ ዓይኗን ጨፈነች፣ መዳፎቿን ዘረጋች፣ የአብዮቱን መዝሙር በሹክሹክታ ጀመረች።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩም ሳቀ። ድንገት ሳቁን አቆመ።

«መስኮቱን ለምን ዘጋሽው፣ ሚጣ?»

«እንዳይሰሙን ነዋ!» አለች፣ ይህን አለማወቁ ገርሟት።

ልጆቿን ይዛ የመጣችው ሙስሊሟ ጎረቤታችን ብድግ አለች። «ወላሂ ጉንፋን ይዟት ነው ድምጧ የጠፋ! ተዋት እስቲ!»

«መስኮቱንም የዘጋው ጉንፋኑ ነው?» አላት ሊቀመንበሩ።

እህቴን እየጎተትኩ ቤት ደረስኩ። ነገሩን ስናገር እናቴ ነጠላዋን አነሳች። «ገራዶ ዘመዶቼ ዘንድ እንሂድ፤ አሁኑኑ!» ብላ አባቴን ለመነችው። እሱ ግን አብረውን የሚዘምሩት ሰዎች ሳያውቁ ሰኞ እንዳይመጡ ላስጠንቅቅ ብሎ ወጣ። ሁሉንም አስጠንቅቆ ሲመለስ የቀበሌ ታጣቂዎች ደጃፋችን ላይ ጠበቁት።

ሊወስዱት ሲሉ እህቴ ፊት ተንበረከከ። አዳራሹ ውስጥ ያደረገችውን ከእኔ ሰምቷልና ያውቃል። «ጥሩ ዘምረሻል አሉ፤ ጎበዝ» አላት። እሷም ደስ ብሏት ጉንጩን ሳመችው።

እናቴ ክረምቱን ሙሉ ወደ እስር ቤቱ ስንቅ አመላለሰች። አንድ ጠዋት ጠባቂው ሳህኑን ሳይቀበላት «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። ሌላ ነገር አልነገራትም። ሳህኑን እንደታቀፈች፣ ምግቡ ሳይነካ፣ እያለቀሰች መጣች። አስከሬኑን እንኳ አላየንም።

ዛሬ ጸሎት ቤቱ ተከፍቷል፤ የድምፅ ማጉያው ጆሮ ያደነቁራል። ባለፈው እሑድ ከእናቴ፣ ከእህቴና ከእህቴ ትንሽ ልጅ ጋር ቆሜ ነበር። ሕዝቡ እየጮኸ ሲዘምር እህቴ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች።

እናቴ ወደ ልጅ ልጇ ጎንበስ አለች። «ጮኽ በይ እንጂ የኔ እናት፤ አሁን እኮ የሚከለክለን የለም።»

ልጅቷ ቀና ብላ የእናቷን አፍ አየች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯንም ያለ ድምፅ ማንቀሳቀስ ጀመረች።