ደጀ ሰላም ላይ የተሰቀለው ፊቴ

ደብረ ታቦር አንድ ጨርቅ ቤት ተቀጥሬ አቡጀዲ እለካ ነበር። አሥረኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ሠዓሊው አሥራ ሁለት ሜትር ሊገዛ መጣ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መጀመሪያ አቡጀዲ ላይ ይሣላል፤ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ኋላ ነው።

«ለማን ከፈን ነው ይሄ ሁሉ?» አልኩት።

«ላንቺ ምላስ» አለኝ።

በሳምንቱ እሱ የተከራያት ክፍል ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። እኔ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም፤ እናቴ «ደግሞ ምን ነከሰሽ?» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ለሱ ግን ተቀመጥኩ።

«ቀጥ ብለሽ እይኝ። ዘወር ካልሽ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚወጣልሽ፤ ባንድ ዓይን የሚሣሉት ደግሞ ኃጥኣን ናቸው።»

«ታዲያ እኔ ምን ቀረኝ?»

ይስቅ ነበር። ብሩሹን በከንፈሩ እያሾለ ስለሚሠራ ሲስቅ ጥርሱ ሰማያዊ ነው።

እመቤታችንን እየሣለ እንደሆነ አውቃለሁ። ፊቷን ግን ሸፍኖ ነው የሚያስቀምጠው፤ «አንቺ ለአንገትና ለእጅ አቀማመጥ ነሽ» ይለኛል። የሁዳዴ እኩሌታ እንዲህ አለፈ። መቀመጥ ብቻም አልነበረም፣ አልዋሽም። «ይቺ ትለጠፍ እንጂ ላባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ» አለኝ። አመንኩት።

ሥዕሉ ከመለጠፉ በፊት ምእመኑ እንዲያየው አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ተሰቀለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ ተንበርክካ ሰገደች። «እመቤቴ፣ ለዚች ቀዥቃዣ ልጄ ትዳር ስጫት» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ቀና አለች። ሥዕሉን አየች፤ እኔን አየች።

መንገድ ላይ «ይሄ አገጭ የናቴ አገጭ ነው» አለችኝ። «ስንት ቀን ተቀመጥሽለት?»

«የጾሙን እኩሌታ።»

«ቁጭ ብለሽ ብቻ?»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩና ቀድሜያት ሄድኩ።

ለልጇ ፊት መስገዷን ይዛ መኖር አልቻለችም፤ ለነፍስ አባታችን ተናገረች። እሳቸውም ሁለታችንን አስጠሩን። ክፉ ሰው አይደሉም።

«እጮኛህ እንደሆነች ንገረኝ» አሉት። «ንስሐችሁን ትቀበላላችሁ፣ ቤተሰብ ይነጋገራል፣ ሥዕሉን ታስተካክላለህ፤ አለቀ።»

አንድ «አዎ» ነበር የሚበቃኝ።

«ከድሮ መጽሐፍ ነው የቀዳሁት፣ አባቴ» አለ። «እሷን አቡጀዲ ስገዛ ነው የማውቃት።»

አባ አገጬን አዩት። «እንግዲያማ መጽሐፉ ተሳስቷል፤ አርመው» አሉና ተነሡ።

ከግቢው ሲወጣ ደረስኩበት። «ውሻ!» አልኩት።

«እብናት ላይ ሌላ ቤተ ክርስቲያን እንድሥል ሊሰጡኝ ነው። በጾም ሴት ይዞ የሣለ ከተባልኩ ማን ያስጠጋኛል?»

«እኔን አግብተህ ያገባ ሠዓሊ ነው ቢሉህስ?»

ጥሎኝ መንገዱን ቀጠለ።

በሦስተኛው ቀን ሱቅ ድረስ መጣ። «አንዴ ብቻ ተቀመጪልኝ» አለኝ።

«ደግሞ ለምን?»

«ፊቱን በቃሌ ላጠፋው ብሞክር ተመልሶ አንቺኑ እየሆነ አስቸገረኝ። ምንሽን ማጥፋት እንዳለብኝ እያየሁሽ ካልሆነ አይሆንልኝም።»

እንዲህ የሚል ሰው በጥፊ ነው የሚመታ። እኔ ግን ሱቁን ዘግቼ ተከተልኩት። ከዚያ ወዲያ እንደማያየኝ አውቄዋለሁ፤ ለማጥፋትም ቢሆን ይየኝ አልኩ።

ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ አገጩን አሾለው። ቅንድቦቹን አራራቃቸው። ቀና ብሎ ያየኛል፣ ወደ ጨርቁ ይመለሳል፣ ደግሞ ያየኛል። እንደዚያ ቀን አተኩሮ አይቶኝ አያውቅም።

«ዓይኖቹን ልተዋቸው ይሆን?» አለ፣ ለራሱ ይመስላል።

«እናቴ ታውቃቸዋለች። አጥፋቸው» አልኩት።

አጠፋቸው። ሲጨርስ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ቆመና «አየሽ? አሁን አንቺን ጨርሶ አትመስልም» አለኝ። ሥራው ሰምሮለት ደስ ብሎት ነበር። ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ። አልተከተለኝም፤ ቀለሙ ሳይደርቅ የሚነካካው ነገር ነበረው።